ስልክ የማያሻግረው አዎ

የማስተምረው መስማትና መናገር ነው። ሰዋስው የፈለገ ሌላ ቦታ ይሂድ እላለሁ በመጀመሪያው ቀን፤ ሌላ ቦታ እንደሌለ እኔም እነሱም እናውቃለን። ሱዳን፣ ገዳሪፍ አጠገብ ባለው የኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ውስጥ፣ ከማሽላ አገዳና ከሳር በተሠራች አንዲት ዳስ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ ይሰበሰባሉ። ሲበርድ ስል ሰው ሳይቀልጥ መቀመጥ ሲችል ማለቴ ነው። ገሚሶቹ ከጎንደርና ከመተማ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ተሻግረው በዚያው የቀሩ ናቸው። ገሚሶቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ወሬ በአማርኛ ጀምረው በአረብኛ የሚጨርሱ፣ ሲናደዱ ደግሞ በትግርኛ የሚሳደቡ ናቸው። እኔ ጎንደር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ጦርነቱ ከቤቴ ሲያስወጣኝ ይዤ የወጣሁት ጥቂት ልብስና ይቺን ሙያ ነው፤ ልብሱ አልቋል።

ሰው ቋንቋ የሚያስቸግረው ምላሱ ላይ ይመስለዋል። እኔን የፈጀኝ ግን የተማሪዎቼ ጨዋነት ነው። "ገባችሁ?" ስል ሁልጊዜ ገብቷቸዋል። አልገባኝም ማለት አስተማሪዋን "ሥራሽን አታውቂም" ብሎ መስደብ ይመስላቸዋል። "አልገባኝም" የሚለውን በእንግሊዝኛ አስተማርኳቸው፤ ጎረቤት እስኪሰለች ድረስ በኅብረት ጮኹበት። በማግስቱ ሆን ብዬ አንድ አንቀጽ እያጉተመተምኩ አነበብኩላቸው። እኔ ራሴ ያነበብኩት አልገባኝም። አንድም ሰው አፉን አልከፈተም፤ ሁሉም በሐዘኔታ አዩኝ። ሲበተኑ አንዷ ጠጋ አለችና "ቲቸር፣ ጥርስዎን አሞዎት ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። እዚያው ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ተናደድኩ።

ከሁሉም የባሰው ጨዋ አንድ ወጣት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሃያዎቹን ገና የጀመረ። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ፣ ለአንድ ክረምት ብሎ፣ ዶካ አካባቢ ሰሊጥ ሊያርም ተሻገረ። ከኋላው መንገዱ በጦርነት ሲዘጋበት ያ አንድ ክረምት አላልቅ አለው። ጆሮው ጉድ ነው። በስልኬ የማሰማቸውን የፈረንጅ ወሬ አንዴ ሰምቶ እኔን ያመለጠኝን ይነግረኛል። ታዲያ የሚነግረኝ በሹክሹክታ ነው። "ድምፅህን አውጣ!" ስለው "እሺ ቲቸር" ይላል፤ ይህንንም የሚለው በሹክሹክታ ነው። ደሜን ያፈላዋል። እወደዋለሁም፤ ለምን እደብቃለሁ።

በዚያ ሰሞን ይህ ልጅ ዕድል ቀናው። ሌላ አገር ሄዶ ነርስነት የሚማርበት ነፃ የትምህርት ዕድል ነበር፤ ተወዳደረና የጽሑፍ ፈተናውን አለፈ። የቀረው በእንግሊዝኛ የሚደረግ የስልክ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው። በስልኩ የመጣለት መልእክት ጥብቅ ነበር፦ ተፈታኙ ብቻውን ይሁን፣ ማንም እንዳይረዳው፣ የሌላ ሰው ድምፅ ከተሰማ ቃለ መጠይቁ ሊሰረዝ ይችላል። የሚደወለው ሰኞ ጠዋት ነው።

ቅዳሜ ልብስ እያጠብኩ ሳለ አብሮት የሚያድረው ልጅ መጣ። ግራ ቀኙን አየና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"ቲቸር፣ እኔ እንደነገርኩዎት ለማንም እንዳይሉ።"

"ምን ሆናችሁ ደግሞ?"

"እኔ ምንም አልሆንኩ። እሱ ነው። ኸደላላው ጋር ጨርሷል። መኪናው ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነሣ። ሊቢያ።"

"ቃለ መጠይቁስ?"

"እሱማ ቢቀናው ይቀራል። ሰኞ ስልኩ ላይ ይለይልኛል ነው የሚለው። ከተበላሸ ግን ኸላስ፣ ይሄዳል።"

እጄ ላይ የነበረው ሳሙና ውኃው ውስጥ ወደቀ፤ አላነሣሁትም። ታናሽ ወንድሜ በዚያ መንገድ ነው የሄደው። መጨረሻ ድምፁን የሰማሁት ከሊቢያ ሲደውል ነው። ደህና ነኝ አለኝ፤ ድምፁ ግን ደህና አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሚደውል የለም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ስልኳን ከእጇ አላስቀመጠችም። ስለዚህ ሊቢያ የሚለውን ቃል ሰው በተረጋጋ ድምፅ ሲያነሣው ልመታው ያምረኛል።

እጄን ሳላደርቅ ሄድኩ። ልጁን ከጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ አገኘሁት።

"ሊቢያ ልትሄድ ነው?" አልኩት።

ብድግ ብሎ ቆመ፤ መሬት መሬቱን እያየ "እግዜር ያውቃል ቲቸር" አለ።

"እግዜርን አልጠየቅኩም፤ አንተን ነው!"

"እሺ ቲቸር።"

እሺ! ይህን እሺ የማያውቅ ሐበሻ የለም። አክብሬዎታለሁ፣ አሁን ግን ይበቃል፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ ማለት ነው። የዚህን ልጅ እሺ ሰብሮ የሚገባ ሰው አልተፈጠረም። ብጮህ ይሰማኛል፣ ብለምነው ይሰማኛል፣ ሐሙስ ደግሞ መኪናው ላይ ይወጣል። ያለኝ መሣሪያ ሰኞ ብቻ ነበር።

እሁድን ሙሉ አለማመድኩት። ስለ ራስህ ንገረን። ነርስነትን ለምን መረጥክ? ሥራ በዝቶ ብትደክም ምን ታደርጋለህ? ዘንድሮ ባንቀበልህስ? ለመጨረሻው ያማረ መልስ ሰጠሁት፦ ትምህርቴን አጠናክሬ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመለክታለሁ። ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀምጠን፣ እኔ ፈታኝ ሆኜ እየጠየቅኩ፣ እሱ እየመለሰ ዋልን። ድምፁን በጉትጎታ በጉትጎታ ከፍ አስደረግኩት። ማታ ስንለያይ አንድም ስሕተት አልቀረም ብዬ ነበር።

ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ገዳሪፍ ገባን። የሱዳኑ ጦርነት ከጀመረ ወዲህ ኔትዎርክ መጣሁ ሲል ይቀራል፣ ቀረሁ ሲል ይመጣል። የሰሊጥ ገበያው አጠገብ የሳተላይት ኢንተርኔት ያስገባ አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ አውቃለሁ፤ ሴት ልጁን እንግሊዝኛ አስጠንቼለታለሁ። ገና ከሩቅ ሲያየኝ "ያ ኡስታዛ! ሸበካ ተማም!" ብሎ ጮኸ፤ አስተማሪዋ፣ ኔትዎርኩ ደህና ነው ማለቱ ነው። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን የቆርቆሮ መጋዘን ከፈተልን። የሰሊጥ ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፣ ጥግ ላይ ባዶ በርሜል ቆሟል፣ መዝጊያ የሌላት አንዲት ትንሽ መስኮት አለች።

ልጁን ጆንያ ላይ አስቀመጥኩት። የስልኩ ማዳመጫ ስለተበላሸ ድምፁ የሚሰማው በድምፅ ማጉያው ሲከፈት ብቻ ነው፤ ስልኩን ከፊቱ ሌላ ጆንያ ላይ አደረግንለት። "እንግዲህ አይዞህ" ብዬ ወጣሁ። መመሪያው ብቻውን ይሁን ነው የሚለው፤ ይኸው ብቻውን ነው፣ እኔ ውጭ ነኝ። ውጭ ማለት ከመስኮቷ ሥር ማለት ነው። ቆርቆሮው ከወዲሁ ፀሐይ ጠጥቷል፤ ትከሻዬን እያቃጠለኝ ተጠግቼ ቆምኩ።

ስልኩ ጮኸ።

የሴት ድምፅ ነው፤ የጠራና የማይቸኩል። እንደምን አደርክ አለችው፣ ራስህን አስተዋውቀኝ አለችው። አንዲት ቃል ሳይጥል አስተዋወቃት። ድምፁ ቀጠን ቢልም ይሰማል። ነርስነትን ለምን እንደመረጠ ጠየቀችው፤ መለሰ። ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። እንዲያውም ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፤ ተማሪዬ ነው እኮ።

ከዚያ ሴትዮዋ ካጠናነው ወጣች።

"የታመመ ሰው አስታመህ ታውቃለህ?"

ዝም።

ያውቃል እንጂ! እናቱን ያስታመመ እሱ ነው። በል ንገራት አልኩ በልቤ።

"ሄሎ? ትሰማኛለህ?"

ዝም።

"ጥያቄዬ ገብቶሃል?"

ዝም። ደነገጠ ብዬ በእግር ጣቶቼ ቆሜ በመስኮቷ አሾለቅኩ። ልጁ አልደነገጠም። ዝምም አላለም። እየመለሰላት ነበር። ሴትዮዋ በጠየቀች ቁጥር አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረገ፣ በሙሉ አክብሮት አዎ ይላታል። አዎ፣ አስታምሜያለሁ። አዎ፣ እሰማዎታለሁ። አዎ፣ ገብቶኛል። እኛ እንደዚያ ነን። ሰው ሲያወራን ትንፋሻችንን ሳብ እናደርጋለን፣ ያም ሰው መስማማታችንን አውቆ ይቀጥላል። ከትልቅ ሰው ጋር ሲሆን ደግሞ ቃል ማውጣቱ ድፍረት ይመስላል፤ ትንፋሽ ይበቃል። ለስልክ ግን አይበቃም። ሴትዮዋ ዘንድ የሚደርሰው ባዶ ነገር ነው። እሁድ ቀኑን ሙሉ ፊቴ ተቀምጦ ስንቴ እንዲያ ብሎኛል፤ አላስተዋልኩትም፤ እኔም ራሴ ስሰማው የኖርኩት፣ ስለው የኖርኩት አዎ ነዋ!

"መስመሩ የተቋረጠ ይመስለኛል" አለች ሴትዮዋ። "እየሰማሁህ አይደለም። መልስ ካላገኘሁ ልዘጋው ነው።"

ልጁ ትንፋሹን ሳበ።

አፌን በእጄ አፈንኩ። "ተናገር!" ብዬ ብጮህ የኔው ድምፅ ያሰርዝበታል። በመስኮቷ እጄን አስገብቼ አውለበለብኩ። አላየኝም። ከትልቅ ሰው ጋር ሲነጋገር ዓይኑን መሬት ላይ መጣል ነው ያደገበት፤ ትልቋ ሰው በማትታይበት በዚህ ስልክ ፊት እንኳ አቀርቅሯል። በጆንያውና በጆንያው መካከል ያለውን ወለል እያየ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በትሕትና እየወደቀ ነው። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የሚነሣው መኪና ታየኝ። የተጫኑት ልጆች ታዩኝ። ወንድሜ ታየኝ። የቀኝ ሸበጤን አወለቅሁና ወረወርኩ።

ያነጣጠርኩት አጠገቡ ወዳለው ጆንያ ነበር። የመታሁት በርሜሉን ነው። መጋዘኗ በሙሉ ደወል ሆነች።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች ሴትዮዋ። "ሌላ ሰው አለ እንዴ እዚያ?"

ልጁ ቀና አለና ዓይን ለዓይን ገጠምን። እኔ አፌን በሰፊው ከፍቼ በጣቴ ከአፌ ወደ ውጭ፣ ወደ ውጭ እያሳየሁት ነው፤ ድምፅ አውጣ፣ ድምፅ። አሁን ግን የተጠየቀው ሌላ ነገር ነበር። ፍየል ነው በላት ብዬ በልቤ ለመንኩት። ገዳሪፍ ፍየል ሞልቷል። ፍየል ገብታ በርሜል ገጨች ብትላት ማን ይመሰክርብሃል?

"የስ" አለ ልጁ፣ ጮክ ብሎ። ከዚህ ልጅ አፍ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። "አስተማሪዬ ናቸው። ውጭ ናቸው። ጫማቸውን ወረወሩ።"

ግድግዳውን ታክኬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለቀ አልኩ። ከደላላው ይልቅ እኔ፣ በገዛ ጫማዬ፣ መኪናው ላይ ጫንኩት አልኩ።

ከዚያ ሴትዮዋ "ለምን ወረወረች?" ብላ ጠየቀች። በቁጣ ይሁን በመገረም መለየት አልቻልኩም።

ለዚህ ያጠናነው መልስ የለም። ሲያምጥ ይሰማኛል። "እኔ ለርስዎ መለስኩ" አለ። "ብዙ ጊዜ መለስኩ። እርስዎ አልሰሙም። በእኛ አገር አዎ ስንል እንዲህ ነው።" ስልኩን አንሥቶ አፉ ሥር ሳይደግነው አልቀረም፤ ትንፋሹን በኃይል ሲስበው እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። "ይሄ አዎ ነው። እናቴ እንዲህ ነው የምትል። ቄሱም እንዲህ ነው። አስተማሪዬም። እሳቸው በመስኮት አዩ፤ ስልኩ እንዳልሰማ አወቁ፤ ተናደዱ። እሳቸው ይናደዳሉ። ጥሩ ሰው ናቸው።"

ግሶቹ ሁሉ ተሰባብረው ነበር፤ እንደ አስተማሪ ልቤ ሊቆም ይገባ ነበር። ግን ማንም ያላስጠናው፣ ከራሱ ሆድ የወጣ እንግሊዝኛ ነው። ወዲያ ማዶ ሴትዮዋ ራሷ ትንፋሿን ልትስብ ሞክራ ነው መሰለኝ ሳል ያዛት። ሳሉ ሲለቃት ድምፅዋ እንደገና የፈታኝ ሆነ።

"አስተማሪህ እዚያ መኖሯን በሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለብኝ። ምን እንደሚወሰን አላውቅም። ከአሁን በኋላ ግን እሷ እንዳትናገር፣ ምልክትም እንዳታሳይህ።"

"የስ" አለ ጮክ ብሎ።

ተነሥቼ ቆምኩና እጆቼን ከኋላዬ አጣመርኩ። ማንም ባያየኝም እንደዚያ ካላደረግኩ የማምናቸው እጆች አልነበሩም። ሴትዮዋ ስለ እናቱ ጠየቀችው። ነገራት፤ ወባ እንደያዛት፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ እንደነበር፣ እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ እየቀያየረ ውኃ በማንኪያ እንዳጠጣት። ቃል ሲያጣ ሌላ ቃል እየፈለገ፣ ሲሳሳት እየተመለሰ ነገራት። ይህን ታሪክ ለኔ በአማርኛ እንኳ እንዲህ አድርጎ ነግሮኝ አያውቅም።

"የመጨረሻ ጥያቄ" አለች። "ዘንድሮ ባንቀበልህ ምን ታደርጋለህ?"

ይቺን እናውቃታለን! በከንፈሬ፣ ያለ ድምፅ፣ መልሱን ማለት ጀመርኩ፤ ትምህርቴን አጠናክሬ።

"ሊቢያ እሄዳለሁ" አለ ልጁ። "መኪናው ሐሙስ ነው።"

በአማርኛ ጠይቄው እግዜር ያውቃል ያለኝ ልጅ ነው። አገሯን ለማናውቃት፣ ፊቷን ለማናያት ሴት ዘርግፎ ነገራት። አንድ እግሬ ባዶ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ፤ ቀናሁም። እኔ ምኔ አንሶ ነው ያልነገረኝ?

"መልሳችን እስከ ሐሙስ አይደርስም" አለች ሴትዮዋ። "ገና የምናነጋግራቸው ብዙ ሰዎች አሉ። እንቀበልሃለን ብዬ ቃል ልገባልህም አልችልም። መልሳችን እስኪመጣ ግን ትጠብቃለህ?"

ልጁ ቀና ብሎ በመስኮቷ አየኝ። በዚህ ጊዜ ዓይኑን አልሰበረም። ጠብቅ ብዬ ልጮህ ፈለግኩ። ጠብቆ ባይቀበሉትስ? እዚህ ምን አለው? የሰሊጥ አረም፣ የዳስ ጥላ፣ የኔ ቁጣ። ጠብቅ የሚል ሰው ምን ይዞ ነው ጠብቅ የሚለው? እጆቼ ከኋላዬ እንደተጣመሩ ቀሩ፤ ራሴንም አልነቀነቅኩም። እሱ ፊቱን ከኔ መለሰና ወደ ጆንያዎቹ ዞረ።

"እጠብቃለሁ" አለ። ስልኩ ተዘጋ።

ሸበጤን በሁለት እጁ ይዞልኝ ወጣ። አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከተማውን እስክንወጣ ችዬ ዝም አልኩ፤ ከዚያ በላይ መቻል ተፈጥሮዬ አይደለም።

"ስለ ሊቢያ ምን ሆነህ ነገርካት? ስንት ጊዜ ያጠናነው መልስ አልነበረም?"

"በእንግሊዝኛ መዋሸት ገና አልቻልኩም ቲቸር" አለ። የቀለደ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁት፤ አልቀለደም።

"እጠብቃለሁ ያልካትስ እውነትህን ነው?"

መስኮት መስኮቱን አየ። የታጨደው የማሽላ ማሳ እስከ ሰማዩ ዳርቻ ተዘርግቷል።

"ትጠብቃለህ ወይ ነው የምልህ!"

"እሺ ቲቸር" አለኝ፣ በሹክሹክታ። ወደ አማርኛ ተመልሰን ነበር።

መልሱ ይህን እስክጽፍ ድረስ አልመጣም፤ ስለዚህ መናገር የምችለው ስለ ሐሙስ ብቻ ነው። ማክሰኞ ልጁ ከክፍል ቀረ። ረቡዕም ቀረ። ጎጆው ድረስ ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር፤ ፈራሁ። ልብሱን ሲያስር ባገኘውስ? አብሮት የሚያድረው ልጅ ደግሞ ለቀን ሥራ ወደ ዶካ ወጥቷል፤ የምጠይቀው ሰው የለም። ሐሙስ ጠዋት ከዋናው መንገድ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄ ያለበት ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ክፍሌን መሰረዝ አሰብኩ። ተቀምጬ ሐሳብ ከሚበላኝ ግን ሥራ ይብላኝ ብዬ ሄድኩ።

ከሰኞ በኋላ አዲስ ዘዴ ጀምሬ ነበር። ዳሷን ለሁለት የሚከፍል አንሶላ በገመድ ሰቅያለሁ፤ እኔ በአንድ በኩል፣ እነሱ በሌላው። ፊት የለም፣ ቅንድብ የለም፣ ትንፋሽ መሳብ አያዋጣም። የሚሰማ ድምፅ ያላወጣ ሰው እንዳልመጣ ይቆጠራል። መጀመሪያ ላይ ሳቁ፤ አንዷም "ቲቸር ኸኛ ተጣሉ እንዴ?" አለች። አሁን ለምደውታል። በዚያን ቀን አንሶላው ለኔም ጠቀመኝ። ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ማየት ሳይኖርብኝ፣ ዓይኔ ቀልቶ ሳይታይብኝ፣ ተማሪዎቼ እየተንጫጩ ሲገቡ ጀርባው ተቀምጬ ጠበቅኩ።

"እያንዳንዳችሁ" አልኩ በእንግሊዝኛ፣ "ዛሬ ጠዋት ያደረጋችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩኝ። ጮክ ብላችሁ።"

"ውኃ ቀዳሁ" አለች አንዷ።

"ጎበዝ። ቀጣይ።"

"ለእናቴ ማሽላ አስፈጨሁ።"

"ቀጣይ።"

"ተኛሁ" አለ አንዱ፤ ሳቁበት። እኔም እንደ ደንቡ ሳቅሁ። ተራው እየዞረ ሄደ፤ ልብስ ያጠበ፣ ገበያ የሄደ፣ ከወንድሙ የተጣላ። ድምፆቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። የምፈልገው ድምፅ በመካከላቸው የለም። አንሶላውን ገልጬ ማየት አማረኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

"ቀጣይ" አልኩ።

ማንም አልተናገረም። ቀጣይ የሚባል ሰው አልቀረም ማለት ነው ብዬ ትምህርቱን ለመዝጋት ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ዛሬ ጠዋት አልሄድኩም" አለ አንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ። ዳር ላሉት ሁሉ የሚሰማ፣ ወደ ውጭ የወጣ፣ ሙሉ ድምፅ።

ጎበዝ ማለት ነበረብኝ፤ ለሌሎቹ ብያለሁ። ቃሉ ግን አልወጣልኝም። ከወዲያ በኩል መጠበቅ ጀመሩ።

"ቲቸር፣ አልሰሙኝም?" አለ፣ ይበልጥ ጮክ ብሎ።

አንዲት ቃል ሳታመልጠኝ ሰምቼዋለሁ። እንደምንም ድምፄን አገኘሁና ድገመው አልኩት።